ብስክሌተኛው የሚሠራው ቤትና የጅማ ደቦ

ጅማ - አገር በብስክሌት እያቋረጡ ለችግረኞች ቤት መሥራት በውጭው ዓለም ከታወቁ የበጎ ፈቃድ ተግባራት አንዱ ነው። ተጓዡ ለአንድ ቀን ወርዶ ሠርቶ መንገዱን ሲቀጥል የተጀመረውን ቤት ማን ይፈጽመዋል የሚለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜም አብሮት ይኖራል። ቤት በጋራ መሥራትን ከቀደምት አባቶቹ የወረሰው የጅማ አካባቢ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ በልማዱ ውስጥ የቆየ መልስ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የተቋቋመው ባይክ ኤንድ ቢልድ የተሰኘ ድርጅት ወጣቶችን ከአትላንቲክ ጠረፍ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ በብስክሌት ሲያጓጉዝ ቆይቷል። ተጓዦቹ ከመነሳታቸው በፊት ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ በጉዞው መካከል በተመረጡ ቀናት ብስክሌታቸውን አቁመው መዶሻ ያነሳሉ። በሚደርሱባቸው ከተሞች ሥራውን ቀደም ብለው የጀመሩትና ከእነርሱ በኋላም የሚያስፈጽሙት ግን በዚያው የሚገኙ የቤት ግንባታ ማኅበራት ናቸው።

ከነዚህ ማኅበራት ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ሲሆን፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በእጃቸው ቤት በመሥራት አገልግለውታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በኢትዮጵያም ሥራ ጀምሯል። ዋነኛ መርሁ ቤቱን የሚያገኘው ቤተሰብ በግንባታው በጉልበቱ እንዲሳተፍ ማድረግ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ብስክሌተኛ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቆልቁሎና ረጅሙን ዳገት ወጥቶ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ጅማ ይደርሳል። ከዚያም የበደሌን መንገድ ይዞ ወደ ቡናዋ ከተማ ወደ አጋሮ ሊዘልቅ ይችላል። በነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ከሚታዩት መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው።

የጭቃ ቤት ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። በመጀመሪያ ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይመታል፤ ቆርቆሮው ይለብሳል። ለምርጊቱ የሚሆነው ጭቃ ከጭድ ጋር ተደባልቆና በእግር ተረግጦ ለቀናት እንዲቦካ ይደረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሁለተኛው ምርጊት ካልተደፈነ ዝናብና ነፋስ ይገባበታል፤ የግድግዳው እግር በድንጋይ ካልተጠበቀም እርጥበትና ምስጥ ቋሚውን ይበሉታል። የመጀመሪያውን ምርጊት ለጥፎ የሄደ ሰው እንግዲህ ቤቱን ጀመረ እንጂ ሠራ አይባልም።

ችግሩን የሚያከብደው የወቅቱ ጉዳይ ነው። ጅማ በዓመት 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ ዝናቡ የሚበረታው በክረምት ነው። ጭቃ የሚደርቅበት ጊዜ በጋ ነው። ተማሪዎችና ወጣቶች ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚወጡት ግን ትምህርት በሚዘጋበት በክረምት ነው። ቡና ለቃሚው ቤተሰብም እንዲሁ ገንዘብ የሚያገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት በመሆኑ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ለመግዛት አቅሙ አይፈቅድለትም። ጉልበት ሲገኝ ገንዘብና ፀሐይ የሉም፤ ገንዘብና ፀሐይ ሲመጡ ደግሞ ወጣቱ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የአካባቢው የመረዳዳት ልማድ ነው። በደቦ ጎረቤት ተጠራርቶ ቋሚውን በአንድ ቀን ያቆማል፤ ባለቤቱም በምግብና በመጠጥ ያስተናግዳል። በጅማ ዳዶ በሚል ስም የሚታወቀው የጋራ ሥራም ቤት ለሚሠራና ማሳ ለሚያርስ ቤተሰብ የጎረቤትን ጉልበት ሲያስተባብር የኖረ ነው። ዛሬ የረዳ ነገ በተራው ይረዳልና ውለታው አይቋረጥም። ይሁን እንጂ ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ ወይም ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ድግሱን ለማዘጋጀትም ሆነ ውለታውን በጉልበት ለመመለስ ይቸግራቸዋል። በጎ ፈቃደኛው በእጅጉ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ከ2010ዎቹ መግቢያ ወዲህ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው የክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስን ከዋና ተግባራቱ አንዱ አድርጓል። በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የሚታወቀው የጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በማሰማራት ረገድ የቆየ ልምድ አለው። ይህ ጉልበት ፍሬ እንዲያፈራ ግን ሥራውን በወቅት መከፋፈል ያስፈልጋል። በክረምት የሚያፈስ ጣሪያን መቀየር፣ የዘመመ ቋሚን መደገፍና የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈር ይቻላል። ምርጊቱ ደግሞ ለበጋ ይቆያል፤ ኃላፊነቱንም ከወዲሁ የሰፈሩ ዕድር ወይም ቀበሌው ሊረከበው ይገባል።

በብስክሌትም ይምጣ በእግር፣ እንግዳው በጎ ፈቃደኛ ቆርቆሮና ምስማር መግዣ ገንዘብ፣ የአንድ ቀን ጉልበትና ወዳጅነት ይዞ ይመጣል። ሁለተኛውን ምርጊት የሚለጥፈው ግን በጥር ወር ፀሐይ እዚያው የሚገኘው ጎረቤት ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራ ውጤትም መለካት ያለበት በተጀመሩት ቤቶች ቁጥር ሳይሆን የሚቀጥለውን ክረምት ሳያፈሱ በሚያሳልፉት ነው።