በአውራ ጎዳና ዳር ባለች ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳ አተካከልና መብራት፤ ከሚሴን በምሳሌነት በመያዝ

ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ከተማው ውበት ወይም ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰሌዳው የሚተከልበት ቦታና የሚበራበት ዐይነት በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሕይወት የሚነካ መሆኑን ነው። ለዚሁም በዐማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴን ምሳሌ አድርገናል።

ሀ) ከተማይቱና መንገዱ

ከሚሴ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና አልፎ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ይህን መንገድ በዘመናዊ መልክ የሠሩት ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት የወረራ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያም በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተረክቦታል።

ስለዚህ የከተማይቱ ዋና ጎዳና የአገሪቱም ዋና ጎዳና ነው። ከሩቅ የመጣው የጭነት መኪና፣ ባጃጁ፣ ተማሪውና ገበያተኛው አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። በከተማይቱ ዙሪያ ያለው የጨፋ ሜዳ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረግ ስለሆነ፣ በበጋ ወራት የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይሰበሰቡበታል። ዞኑም በእሑዱ የሰንበቴ ገበያና በሰኞው የባቲ ገበያ የታወቀ ነው። እንደሚታወቀው በአገራችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት መካከል የእግረኛው ድርሻ ከፍተኛ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ መንገድ ዳር የሚቆም ሰሌዳ የሹፌሩን ዐይን የሚወስደው ከማን ላይ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለ) ሕጉ

በኢትዮጵያ ጉዳዩን በአንድነት ያጠቃለለው በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ነው። ይህ አዋጅ ቢልቦርዱንና የኤሌክትሮኒክ ስክሪኑን ጨምሮ ልዩ ልዩ የውጭ ማስታወቂያዎችን በሕግ ሥር አደረገ። ከዚያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆን ማስታወቂያ ከለከለ፤ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያም በመንገድ ዳር ትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ እንዳይወጣ ገደበ።

እነዚህ ሕጎች ይበልጡን የሚመለከቱት ፈቃዱንና መልእክቱን ነው። ምሰሶው ከመታጠፊያው ስንት ሜትር ይራቅ፣ መብራቱስ ምን ያህል ይድመቅ የሚለው ዝርዝር ግን እንደየቦታው በመመሪያ የሚወሰን ነው። በዓለም ላይ ለዚህ መነሻ የሚሆን አንድ ደንብ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት፣ ከመንገድ ምልክት ጋር የሚምታታ፣ ምልክቱን የሚሸፍን፣ ወይም ሹፌሩን የሚያጥበረብርና ሐሳቡን በአደገኛ ሁኔታ የሚበትን ሰሌዳ እንዲከለከል ያዛል።

ሐ) ፍጥነት፣ ርቀትና ፊደል

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመንገድ መሐንዲሶች እንደ መነሻ የሚይዙት ስሌት ደግሞ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የላቲን ፊደል ከ9 ሜትር ያህል ርቀት ይነበባል የሚል ነው። በዚህ ስሌት 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጽሑፍ የሚነበበው ከ36 ሜትር ነው። ሹፌሩም ለማንበብ የሚያገኘው ጊዜ 2 ሴኮንድ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስልክ ቁጥርና የሸቀጥ ዝርዝር ሊያነብ አይችልም፤ ልሞክር ቢል ግን 34 ሜትር መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው።

በከሚሴ ነገሩን የሚያከብደው ሰሌዳው በሁለት ቋንቋ መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ዐማርኛ ሲሆን፣ በዞኑ አፋን ኦሮሞ በሥራ ላይ ይውላል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ሲጻፍ፣ ረጅሙን ድምፅና የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ስለሚጽፍ ቃሉ ወደ ጎን ይረዝማል። በግዕዝ ፊደል ግን ቃሉ ያጥራል፤ ይሁን እንጂ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ትንሽ ቅጥል ስለሆነ ከሩቅ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ለሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ስፋት ሰጠን ብሎ መስመር ማስመር ብቻ እኩልነት አይደለም፤ ለአንዱ ወርድ፣ ለሌላው ቁመት ያስፈልገዋል። መለኪያው ሁለቱም ከአንድ ርቀት ላይ መነበባቸው ሊሆን ይገባል። ቃላቱንም መቀነስ ግድ ነው።

ስለ ምሰሶው ጥንካሬም አንድ ቃል እንጨምር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 48 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያሳርፋል። ወርዱ 12፣ ቁመቱ 4 ሜትር በሆነ ቢልቦርድ ላይ ይህ ከ2 ቶን በላይ ይሆናል። ስለሆነም መሠረቱ በመሐንዲስ መታየት አለበት፤ ምሰሶውም ቢወድቅ ከቤት ወይም ከአስፋልት ላይ በማይደርስበት ርቀት መተከል ይኖርበታል። የእግረኛውን መሄጃ የሚይዝ ምሰሶ ሰውን ወደ መኪናው መንገድ ስለሚገፋ ከቶ ሊፈቀድ አይገባም።

መ) ብርሃን

የሰው ዐይን በጨለማ ለማየት ብሌኑን ያሰፋል። ድንገት ኀይለኛ ብርሃን ሲገጥመው ብሌኑ ይጠባል፤ ብርሃኑ ሲያልፍም ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ ጥቂት ሴኮንዶች ይፈልጋል፤ በዕድሜ ለገፋ ሹፌር ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። 5 ሴኮንድ ብንይዝ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 83 ሜትር ይሆናል። በደማቅ ሰሌዳና በጨለማ መንገድ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ለአንድ ትልቅ ከተማ ተገቢ የሆነ ድምቀት የመንገድ መብራት ለሳሳበት ለትንሽ ከተማ መውጫ ይበዛል።

የዲጂታል ስክሪን በቀን ከፀሐይ ጋር ለመወዳደር በካሬ ሜትር ብዙ ሺህ ካንዴላ ያበራል። በብሪታንያ ለእንዲህ ያለ ሰሌዳ ፈቃድ ሲሰጥ ዘወትር ከሚጻፉት ግዴታዎች መካከል ድምቀቱ በሌሊት ከ300 ካንዴላ እንዳይበልጥ፣ ሥዕሉም ከ10 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እንዳይለወጥና እንዳይንቀሳቀስ የሚሉት ይገኛሉ።

በፓውዛ የሚበራው ተራ ሰሌዳም የራሱ ችግር አለው። ፓውዛው ከታች ወደ ላይ ሲተከል ብርሃኑ ገሚሱ ወደ ሰማይ፣ ገሚሱም ወደ ጎረቤት መስኮት ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች ቢተከልና ቢከለል ግን አነስ ያለ መብራት ይበቃዋል። እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሆኑ 4 ፓውዛዎች ለ10 ሰዓት ሲበሩ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ ኀይል ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለማን እንደሚበራ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ሠ) የትንሹ ነጋዴ ታፔላ

ደንብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነቀለው ብዙ ጊዜ የትንሹ ሱቅ ታፔላ ነው፤ ባለ ቢልቦርዱ ግን ከፍሎ ይቆያል። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ከተማ በ2006 ያወጣችውና በ2007 መጀመሪያ (ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር) በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ይህን ገልብጦታል። ቢልቦርድን ፈጽሞ ከለከለ፤ ለሱቆች ግን የስም ሰሌዳ ፈቀደ፤ ይኸውም የፊቱ ስፋት ከ10 ሜትር ላነሰ ቤት እስከ 1.5፣ እስከ 100 ሜትር ለሆነው እስከ 4 ካሬ ሜትር ነው። ከሚሴ ሁሉን ትከልክል ማለታችን አይደለም። ዳሩ ግን በደጃፉ ላይ «እዚህ አለሁ» የሚለውን ታፔላና ከሩቅ የመጣ ሸቀጥ የሚያሞግሰውን ሰሌዳ በአንድ ዐይን ማየት ፍትሕ አይመስለንም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ያልነውን ብናጠቃልል፣ ለእንዲህ ያለች ከተማ የሚበጀው ደንብ አጭር ነው። ቢልቦርድ ከመታጠፊያ፣ ከመስቀለኛ መንገድና ከእግረኛ ማቋረጫ ይራቅ። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ርቀት ይነበቡ። ብርሃኑ ወደ ታች ይውረድ፤ በሌሊትም ይቀንስ፤ አይብለጭለጭ። የደጃፍ ታፔላ በልኩ ይጠበቅ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በተጀመረው የኮሪደር ልማት እንደታየው፣ ከተማ ካደገ በኋላ ታፔላን ማንሣትና መብራትን ማስተካከል ብዙ ወጪና ብዙ ቅሬታ ያስከትላል። ገና በማደግ ላይ ያለች ከተማ ግን ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ሜትሩን ብትለካ ያ ሁሉ ይቀርላታል ብለን እናምናለን።