ጭኮ እና ወንበር

ከአምስት ምልክቶች ሦስቱ የተገኙበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል። ምልክቶቹ የወገብ መስፋት፣ 130/85 የደረሰ የደም ግፊት፣ ሳይበሉ ሲለካ በዴሲሊትር 100 ሚሊግራም የደረሰ የደም ስኳር፣ 150 የደረሰ ትራይግሊሰራይድ እና «ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል ማነስ ናቸው። አንዳቸውም ሕመም አያሰሙም። ባለቤቱ የሚያውቀው ቢበዛ ሱሪው መጥበቡን ነው፤ ቦርጭም እስከ ቅርብ ጊዜ የድሎት ምልክት ነበር።

የአሰላን ከተማ እንደ ምሳሌ እንውሰድ፦ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአርሲ ዞን መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ውሎአቸው ወንበር ላይ ነው። አካባቢው የሯጮች አገር ቢሆንም ደጋ መኖር ብቻውን ሯጭ አያደርግም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ መመለሻውም ያው ነው። ዛሬ ለአጭር መንገድም ባጃጅ ይጠራል።

ምግቡ ግን ብዙም አልተለወጠም። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚሠራው ጭኮ ጥቂቱ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ቶሎም ስለማይበላሽ ጥሩ የመንገድ ስንቅ ነው። ለብርድና ለእርሻ የሚስማማ ምግብ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም፤ የቀረው ምግቡን የሚያቃጥለው ሥራ ነው። በዚያ ላይ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ፣ ነጭ ዳቦ፣ ከሥራ በኋላም ጥሬ ሥጋና ቢራ ይታከላሉ።

ከምግብ በኋላ ስኳርን ከደም በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል፤ ስብን ከደም የሚያነሣው ኢንዛይምም ይዳከማል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመነጨ ለዓመታት ያካክሳል። ትርፉ ስብ በሆድ ዕቃና በጉበት ይከማቻል፤ ቆሽት ሲደክም ስኳር በሽታ ይከተላል።

በአዲስ አበባ በባንክ ሠራተኞችና በመምህራን ላይ ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 1,935 ሰዎችን አካቷል። ሜታቦሊክ ሲንድረም በአንዱ መስፈርት 12.5 ከመቶ፣ በሌላው 17.9 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱን በአመዛኙ የፈጠረው የወገብ ልክ ነው፦ የመጀመሪያው የወንድን ከ102፣ የሴትን ከ88 ሴንቲሜትር በላይ ሲል፣ ሁለተኛው ከ94 እና ከ80 ይጀምራል። በመጀመሪያው መስፈርት ሴቶች 16.2፣ ወንዶች 10 ከመቶ ነበሩ። ይህ ጥናት ለአሰላ ቢሮዎችም ማነጻጸሪያ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጣን እርምጃ ይበቃል፤ የአሰላ ዳገት ደግሞ ያግዛል። የስኳርና የስብ ምርመራ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይሰጣል፤ ወገብ ግን በማንኛውም ሰዓት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል።