የቆሮሶ ሥጋ ከየት ይመጣል?

ከጎብዬ እስከ ቆቦ ባለው የራያ ቆላ የከርሰ ምድር ውኃ ለመስኖ ይወጣል፤ ሙቀቱም ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ይስማማል። በዚህ ውኃ ዓሣ ማርባት ሲታሰብ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቶሎ የሚወፍር ዝርያ» ነው። እኔ ግን ከዝርያው በፊት መኖው ይቅደም ባይ ነኝ፤ ለዚህም ምክንያት የሚሆነኝ ያው የዘረ መል ሳይንሱ ነው።

ሰው ከተወለደ በኋላ የጡንቻ ክሮቹ ቁጥር እምብዛም አይጨምርም፤ የሚፈረጥመው ያሉት ሲወፍሩ ነው። ብዙ ዓሦች ግን ከተፈለፈሉ ከረጅም ጊዜ በኋላም አዲስ ክር ያበቅላሉ። በማደግ ላይ ካለ ዓሣ ስስ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በወፋፍራሞቹ ክሮች መሀል ገና የበቀሉ ቀጫጭኖች ተሰግስገው ይገኛሉ። የዚህ እድገት ልጓም ማዮስታቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ በሆነው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ምርምር፣ ዘረ መሉ የጠፋባቸው አይጦች ጡንቻ ሁለትና ሦስት እጥፍ ገዝፏል። በሌላ ወገን፣ በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ በተለይ ከጉበት የሚመነጨው አይጂኤፍ-1 እድገቱን ይገፋል። ዓሣው ሲራብ ይህ ገፊ ይቀንሳል፤ ጡንቻውም መገንባቱን ትቶ ያለውን እያፈረሰ ይቆያል። የተመረጠ ዝርያ አምጥቶ ማስራብ እንግዲህ ዘረ መሉን ሥራ ማስፈታት ነው።

ጃፓኖች ልጓሙን ፈትተውት የለም ወይ የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የማዮስታቲን ዘረ መሉ የተሰናከለ ማዳይ የተባለ የባሕር ዓሣ ለገበያ አቅርበዋል፤ የሚበላው ሥጋው በ20 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ያ ዓሣ ግን እንዳያመልጥ በየብስ ላይ በተሠራ ገንዳ ተዘግቶ፣ መኖ እየቀረበለት ያድጋል። የእኛን ኩሬ ጎርፍ ሊያጥለቀልቀው ይችላል። እንግዳ ዓሣ አዲስ ውኃ ሲገባ የሚሆነውን ለማየት ደግሞ ከወሎ መውጣት አያሻም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ወደ ሎጎ ሐይቅ ከገባ በኋላ ዳፍኒያ የተባሉት ጥቃቅን የውኃ እንስሳት መመናመናቸውን ተመራማሪዎች ከዓሣው ጋር አያይዘውታል።

ዝርያ አይሻሻል ማለቴ ግን አይደለም። ጊፍት የሚባለው ቆሮሶ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በፊሊፒንስ ሲመረጥ፣ ከመነሻዎቹ መካከል ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ የዱር ዓሦች ነበሩ። የጣና፣ የዝዋይና የጫሞ ቆሮሶም እንዲሁ ሊመረጥ ይገባዋል። ይህ በትውልድ የሚቆጠር ሥራ ነው፤ የገበሬው ችግር ግን የዛሬ ነው። ቆሮሶ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜዋ መራባት ትጀምራለች፤ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስትፈለፍል መብላቷን ትተዋለች። ኩሬው በደቃቅ ዓሦች ይሞላና ሁሉም ያችኑ መኖ ይሻማል። ስለዚህ ፈጥነው የሚያድጉትን ወንዶቹን ብቻ ለይቶ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ መመገብ ይሻላል፤ ወንዱን ከሴቷ በዓይን ለመለየትም ዓሣው ከ20 እስከ 30 ግራም መድረሱና የሠለጠነ ሰው መኖሩ ይበቃል።