መስከረምን ሙሉ በየቀኑ ለመጻፍ ቃል ገብተን ነበር፤ አንድ ቀን ጎደለን



መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚሁ ገጽ ላይ አንድ ቃል ገብተን ነበር። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ አንድ ጽሑፍ፣ ከሌላ ቦታ ያልተቀዳ፣ እኛው ያሰናዳነው ጽሑፍ እናቀርባለን አልን። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስለዚህ ቆጠራው አያከራክርም። እነሆ ወሩ አለቀ፣ ደመራውም አመድ ሆነ። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ያገኘነው 29 ነው። አንዷ ቀን ለምን እንደጎደለች ማወቅ የአንባቢ መብት ነው፤ መናገሩም የእኛ ዕዳ ነው።

ለመሆኑ ነገሩን ምን አመጣው? በጳጉሜን የ2017ን ሥራችንን ዞር ብለን አየነው። ያየነው አላስደሰተንም። ካወጣነው ውስጥ የሚበዛው የድርጅት መግለጫ፣ ከሌሎች የተወሰደ ዜናና የመልስ መልስ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይባላል፣ እኛ እንመልሳለን፤ በማግሥቱ ሌላ ነገር ይባላል፣ እኛም ሌላ መልስ እንጽፋለን። ጠዋት የተናደድንበትን ማታ ረስተነዋል። ከመካከላችን አንዱ «እኛ እኮ የራሳችን አጀንዳ የለንም፤ ሌሎች ደወል በደወሉ ቁጥር እንነሳለን እንጂ» አለ። ንግግሩ ቆረጠን። ሰው በቃሉ፣ በሬ በቀንዱ ይታሰራል እንዲሉ፣ ራሳችንን በቃል አሰርን።

ደንቡ አራት ነበር። ጽሑፉ የራሳችን ይሁን። ከአንድ ገጽ አይነስ። ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሳይረጋገጥ አይውጣ። አራተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። አራት ሆነን የምንሠራው አንዱ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ አንዱ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ዱባይ ሆነን ነው። ታዲያ «ቀን» የሚባለው የማን ቀን ነው? ብዙ ተከራክረን በአገራችን አቆጣጠር ተስማማን። ቀኑ የሚለወጠው አዲስ አበባ ሲነጋ፣ በ12 ሰዓት ነው። ይህ ለዋሽንግተኑ ባልደረባችን ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ አውሮፓ ላሉት ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ለዱባይዋ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። የአራታችንም እንጀራ ሌላ ነው። አንዱ ታክሲ ሲነዳ ውሎ፣ አንዷ በአረጋውያን መጦሪያ አድራ ነው ብዕር የምታነሳው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሆዳችን የከረመውን ሁሉ አወጣን። በስድስተኛው ቀን ግን ማድጋው ባዶ ሆነ። ሁላችንም ስልካችንን ይዘን «ምን እንጻፍ?» እየተባባልን እኩለ ሌሊት አለፈ። ያዳነን በልጅነቱ ቤተ ክህነት ያደገው የፍራንክፈርቱ ወንድማችን ነው። «ስንክሳር እኮ ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን የሚነበብ አለው፤ ለጳጉሜን ሳይቀር። ቀኑ ራሱ ርዕስ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የአገራችን ፖለቲካም የራሱ ስንክሳር አለው፤ ችግሩ ገልጦ የሚያነበው መጥፋቱ ነው።

መስከረምን በዚህ ዓይን ስናየው ደነገጥን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ያወረደበት ቀን ነው። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ ታሰረ፤ በዓመቱ ክረምት 18 ዓመት ተፈረደበት፣ የተፈታውም በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ቀናት አልፈውን ስለነበር አዘንን። መስከረም 8 ግን አላመለጠንም። በ1994 ዓ.ም. በዚያ ቀን የኤርትራ መንግሥት የግል ጋዜጦችን በሙሉ ዘጋ፤ በተከታዮቹ ቀናት ጋዜጠኞችን ለቃቅሞ አሰረ። ከእነሱ አንዱ ዳዊት ይስሐቅ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ 24 ዓመት ሞላው። መስከረም 22 ቀን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ስለሞቱት ጻፍን። መንግሥት ራሱ ያመነው ቁጥር ከ50 በላይ ነበር። በእነዚህ ቀናት ማንም ደወል አልደወለልንም፤ ማንም መግለጫ አላወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ አጀንዳው የራሳችን ሆነ።

ከሁሉ በላይ ደብዳቤ የመጣልን ግን በእነዚህ አልነበረም። በ12ኛው ቀን የዱባይዋ እህታችን ከእናቷ ጋር በስልክ ስለምትነጋገረው ጻፈች። እናት ስልክ ይጠለፋል ብለው ስለሚሰጉ ስለ ጦርነቱ በቀጥታ አይናገሩም። እሷም «እማዬ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» ትላለች። «ትናንት በረታ፤ ዛሬ ግን አባርቷል» ይላሉ። በጋ ነው፤ ዝናብ የለም። ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል አንባቢዎች የየቤታቸውን ቋንቋ ሲጽፉልን ሰነበቱ። አንዱ ቤት «እንግዳ መጣ»፣ ሌላው ቤት «ላሟ ታማለች» ይባላል። ስንቱን የፖለቲካ ትንታኔ ጽፈን እንዲህ ያለ መልስ አግኝተን አናውቅም።

አሁን ወደሚያሳፍረን እንምጣ። መስከረም 17 ሌሊት ጽሑፍ አልነበረንም። ሊነጋ ሦስት ሰዓት ሲቀረው አንድ ፎቶ ደረሰን፤ የተቃጠለ መንደር ነው፤ «ዛሬ የሆነ ነው፣ አውጡት» ይላል። ቁጭ ብለን ጻፍን። ርዕሱም የጋለ ነበር። ሁለት ሰው ይመስክር የሚለው ደንብ «ፎቶ እያለ ምን ምስክር ያስፈልጋል?» ተብሎ ሊታለፍ ምንም አልቀረውም። ያቆመችን የስቶክሆልሟ ባልደረባችን ናት። «መሬቱን እዩት» አለች። አየነው። ሣሩ ደርቋል፣ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። መስከረም ነው፤ ያ አገር በመስከረም አረንጓዴ ነው። ፎቶው ቢያንስ በዚያ ሳምንት የተነሳ አልነበረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ብናፈስ ግን ለቃሚው ሌላ ነው። እዚህ ለስህተት «ማስተካከያ» ይወጣለታል፤ እዚያ በስህተቱ የጎረቤት ቤት ይቃጠልበታል። የዚያን ዕለት ያወጣነው ጽሑፍ ይህንኑ ኑዛዜያችንን ነው።

የጎደለችው ቀን መስከረም 21 ናት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ ይታወቃል። ከዚያው ክልል አንድ መምህር ስለ ትምህርት ቤቱ ልኮልን ነበር። የትኛው ክፍል ጣራው እንደሄደ፣ የትኛው ተማሪ ጠመንጃ እንደያዘ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የመጨረሻው ትምህርት እስካሁን ተጽፎ እንዳለ። በወሩ ውስጥ የያዝነው ትልቁ ጽሑፍ እሱ ነበር። ሌላ መምህርም አረጋግጦልናል፤ ደንቡ ተሟልቷል። ማታ ላይ ደወለ። «እባክህ ወንድሜ፣ የወረዳውን ስም ሰርዙልኝ» አለ። ሰረዝን። ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለ። «ሰሌዳውንም ሰርዙት፤ ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።» ሰሌዳው ሲወጣ፣ ጣራው ሲወጣ፣ ተማሪው ሲወጣ የቀረው ማንም ከየትም ሊጽፈው የሚችል ወሬ ሆነ። ከመካከላችን «ስሙ የለበትም፤ ማን ያውቀዋል?» ያለ አልጠፋም። ሃያ ቀን ያላቋረጥነው ነገር ነው፤ ቃል ነው፤ አንባቢ ይጠብቃል። በመጨረሻ ያሸነፈው ግን የሰውየው ድምፅ ነው። በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አልነበረም፤ ሚስቱንና ልጆቹን አስልቶ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

ሲነጋ ሁለት መስመር አወጣን፤ «የዛሬው ጽሑፍ አይወጣም። ምክንያቱን ወሩ ሲያልቅ እንናገራለን።» አንድ አንባቢ «ቃላችሁን በላችሁ» ብሎ ጻፈልን። አዎ፣ በልተናል። ሁለቱን መስመር እንደ ጽሑፍ ቆጥረን 30 ማለት እንችል ነበር። ነገር ግን የምርጫ ቁጥር አጭበረበሩ ብለን ሌላውን ስንከስ የኖርን ሰዎች የራሳችንን ቁጥር እንዴት እናጭበርብር?

ይህ ወር አንድ ነገር አሳየን። በየቀኑ መጻፍ ለእኛ የእንቅልፍ ጉዳይ ነው፤ ለእነሱ የነፍስ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. በውጭ የሚዘጋጁ ገጾች አገር ቤት እንዳይነበቡ መታፈን ሲጀምሩ እኛ ተናደድን እንጂ አልታሰርንም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ገጾችና ጣቢያዎች ተከፈቱ ሲባልም የጨፈርነው በየሳሎናችን ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ግን ለጻፉት የከፈሉት ከዓመት በላይ የእስር ጊዜ ነው። የእኛ ሰዓት ቢያልፍ ነገ ይነጋል። የመምህሩ ሰዓት ቢያልፍስ?

ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ አንጽፍም። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጽፋለን፤ ሁለቱን ደንብ ግን ይዘን እንቀጥላለን፤ የራሳችን ይሁን፣ ሁለት ሰው ይመስክር። አሁን አምስተኛ ጨምረንበታል፤ የነገረን ሰው «ተዉት» ካለ እንተወዋለን፣ ሰዓቱ ቢደርስም። የመምህሩ ጽሑፍ ሙሉውን፣ ከነሰሌዳው፣ እኛ ዘንድ ተቀምጧል። የሚወጣበትን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። ያን ቀን 30ኛውን አወጣን እንላለን።

እስከዚያው 29 ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።