ከቀለሙ በታች ያለው ዝገት

አሮጌና የተጋጨ የስፖርት መኪና ለማሳደስ ያሰባችሁ ወጣቶች! በቀለም አትጀምሩ። በ1966 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ ለሕዝብ የቀረበችውን ፊያት 124 ስፓይደር ለምሳሌ እንውሰድ። ጣሪያዋ ተጣጣፊ ጨርቅ ስለሆነ ጥንካሬዋን በአብዛኛው የተሸከሙት ወለሉና ከበሮቿ ሥር ያለው ብረት ናቸው። ይህን ብረት ደግሞ ዝገት አይምረውም።

ችኩል ባለጋራዥ የዛገውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይረጭበታል። መኪናዋ ታብረቀርቃለች፤ ዝገቱ ግን ከሥር መብላቱን አያቆምም። ግጭት ቢደርስ የሚጎዳው ተሳፋሪው ነው።

ትክክለኛው ሥራ የዛገውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ መበየድ፣ ጸረ ዝገት መቀባት፣ ስቱኮውን ማሳሳት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው፤ ቀለም መጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ጋራዥ ሄዳችሁ ብረቱን በዓይናችሁ እዩ። የታደሰች ስትገዙም ማግኔት አስጠጉ፤ ስቱኮ በወፈረበት ቦታ አይዝም። ባለሙያውም ያስብበት፤ ጉዳትን ሸፍኖ ገንዘብ መቀበል አደራ መብላት ነው።