አልፕ ዱዌዝ ባለቀበት ደብረ ታቦር ይጀመራል

ሐምሌ ሲገባ የአውሮፓ ሊጎች ያርፋሉ። የዝውውር ወሬው የሰለቸው ኳስ አፍቃሪ ሪሞቱን ይዞ ከቻናል ቻናል ሲዘል ሳያስበው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ቢጫ ማሊያ የለበሰ ብስክሌተኛ ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል። ግራና ቀኝ የተኮለኮለው ሕዝብ ጆሮው ላይ ይጮኽበታል። ቱር ደ ፍራንስ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስቃይ ነው?» ብሎ ወዲያው የሚቀይር አለ። አፉን ከፍቶ የሚቀርም አለ።

ዳገቱ አልፕ ዱዌዝ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ደርቢ ማለት ነው። 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 21 ኩርባዎች አሉት፣ የሚያልቀው ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ያሸነፈ ብስክሌተኛ ስሙ ከኩርባዎቹ በአንዱ ላይ ይጻፍለታል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። ከጣና ምሥራቅ የምትገኘው ወረታ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ግድም ነው። እንግዲህ የአልፕ ዱዌዝ አሸናፊ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ በሚያነሳበት ከፍታ ላይ የወረታ ባለ ባጃጅ ገና ሞተሩን እያስነሳ ነው። ዳገቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። 42 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደብረ ታቦር ትደረሳለች፤ ከፍታዋ 2,700 ሜትር። የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች በስሙ የሚንቀጠቀጡለት የጋሊቢዬ ማለፊያ 2,642 ሜትር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ጀግና የሚያሰኘው ከፍታ ደብረ ታቦር ላይ እናቶች ሽንኩርት ተከራክረው ከሚገዙበት ገበያ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዳገት እያለ ብስክሌቱ የታለ?

ውኃና ዳገት

ብስክሌት በፈረንሳይ ውድድር ብቻ አይደለም። ሰዓት የማይያዝበት፣ ዋንጫ የሌለው ሌላ ዓለም አለው። ባልና ሚስት፣ ጡረተኛ፣ ተማሪ ሻንጣውን ከኋላ ጭኖ ከመንደር መንደር ይጓዛል። ለዚህ ከሚመረጡት መስመሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1681 የተከፈተው ካናል ዱ ሚዲ ነው። ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር 240 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። በፊት ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው የቦዩ ዳርቻ ዛሬ ብስክሌት ይሄድበታል። ከቦዩ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ 190 ሜትር እንኳ አይሞላም። ዳገት ያማረው ወደ ተራራው ይዞራል። ማታ ማታ መንደር ውስጥ ያድራል፣ ይበላል፣ ይከፍላል። መንደሩም ይጠቀማል።

ውኃና ዳገት የተባለ እንደሆነ ደቡብ ጎንደር ሁለቱንም ይዟል። መነሻው ባሕር ዳር ቢሆን ነው የሚሻለው፤ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ከጥንት ጀምሮ የቤት ልጅ ነው። የጎማ ችግር ቢመጣ ጎሚስታ አይጠፋም። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚወስደውን አስፋልት የእግር ኳስ ደጋፊ በደንብ ያውቀዋል። የጣና ሞገዶቹና ዐፄዎቹ በየሜዳቸው ሲገናኙ በነበረ ጊዜ ደጋፊው ሚኒባስ ሞልቶ እየጨፈረ የተመላለሰበት የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ነው። በሚኒባስ መስኮት ግን ብዙ ነገር ያመልጣል።

በብስክሌት አያመልጥም። ሐሙሲት አለ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ በደራ ወረዳ የወንዛዬ ፍል ውኃ አለ፤ ሕመምተኛ ሊድንበት የሚሄድበት ውኃ ለዛለ የብስክሌተኛ እግር ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያቅትም። ቀጥሎ ጉማራ ወንዝ፣ ከዚያ የፎገራ ሜዳ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት፣ ሩዝ የሚበቅልበት፣ ታዋቂዎቹ የፎገራ ከብቶች የሚግጡበት ሜዳ ነው። እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እግር ፔዳሉን ሳያስጨንቅ ይኬዳል። ይህ የእኛው የካናል ዳር ጉዞ ነው።

ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ጨዋታው ይለወጣል። ማርሽ እየቀነሱ፣ ትንፋሽ እየቆጠሩ፣ የዓለም ሳጋን ደን አልፎ ደብረ ታቦር። «ደረስኩ» ብሎ ብስክሌቱን ያስደገፈ ሰው ቀና ሲል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ፊቱ ተገትሮ ያየዋል። መንገዱ በጋሳይ በኩል ትከሻውን ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ ይቀጥላል። የከተማዋ ስም ራሱ ምን ዓይነት ነፋስ እንደሚጠብቀው ይነግረዋል።

የመጀመሪያው ጎማ

ይህንን ከፍታ በጎማ ለማቋረጥ መጀመሪያ የሞከረው ፈረንጅ ብስክሌተኛ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩ ነበር። ትልቁ ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ መድፉ በጋሪ ላይ ሆኖ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት ተጎተተ። መንገድ አልነበረም። ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር እየለፉ ነበር የሚያልፈው። በጋይንትና በዘቢጥ በኩል አድርጎ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ዓመት ፈጀ!

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቻይናውያን ከወረታ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ሠሩ። አገሬው እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በኋላም አስፋልት ለበሰ። የቴዎድሮስ ሠራዊት ወራት የፈጀበትን አብዛኛውን ከፍታ ዛሬ ጠንከር ያለ ብስክሌተኛ በቀናት ይጨርሰዋል። መንገዱ በሰው ጉልበት የተጀመረ ነው፤ በሰው ጉልበት መሄድ የሚያምርበትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ዩ! ዩ! ዩ!»

የውጭ ብስክሌተኞች ይህንን አገር አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ከካይሮ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ቱር ዳፍሪክ በመተማ ገብቶ፣ ከጎንደር በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ ኖሯል። ከላሊበላ ወደ ጣና በጉና ትከሻ የሚያቋርጡ ብቸኛ ተጓዦችም ነበሩ። የሚተርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመልክዓ ምድሩን ውበት፣ ቡና ጠርቶ ያበላቸውን ገበሬ ነው። ሁለተኛው ልጆቹን። «ዩ! ዩ!» እያሉ የሚሮጡትን፣ አንዳንዴም ድንጋይ የሚወረውሩትን።

ይህንን መሸፋፈን አይጠቅምም። ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጠ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያወራዋል፤ የደቡብ ጎንደር ብቻ ችግርም አይደለም። ግን ከልጁ በኩልም ይታይ። ከብት ጠባቂ ነው፤ በሬ የሚመልሰው በድንጋይ ነው። የሚያልፈው ፈረንጅ አይወርድም፣ አያድርም፣ ስሙን አይጠይቀውም። የተሳፈረበት ዕቃ ዋጋ የልጁ አባት በሬዎች ከሚያወጡት ሊበልጥ ይችላል። የፈረንሳይ መንደርተኛ ወንበር አውጥቶ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ብስክሌተኛ የሚጠብቀው ስለሠለጠነ ብቻ አይደለም። ጨዋታው የእሱም ስለሆነ ነው። ልጁም ብስክሌት አለው።

ሰላም ያጣ መንገድ

ከድንጋዩ የከፋው መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ነፋስ መውጫን ይዞ እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገዱ ለብስክሌተኛ ቀርቶ ለሐኪም ቤት ተጓዥ፣ እህል ለጫነ ሹፌር የሚያሰጋ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ብስክሌት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን አንድ መንገድ ሰላም መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም፦ አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ መስታወትና ያለ ቆርቆሮ፣ በእግሩ ጉልበት ከባሕር ዳር ተነስቶ ማታ ደብረ ታቦር ገባ ወይ?

አገሪቱ ለብስክሌት ባዕድ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ሜልቦርን ላይ የተወዳደረችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ብቻ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከዚያ ቡድን ነው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። አስመራም መቀሌም ደጋ ናቸው። ደብረ ታቦር ግን ከሁለቱም ትበልጣለች።

ተጓዦቹ የሚያወሩት አንድ ነገር አለ። ዳገት ላይ ብስክሌተኛው በትንሹ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሳለ አንድ እረኛ በላስቲክ ጫማ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እየሳቀ እያወራ ጎን ለጎን ይሮጣል። አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር። ፈረንጁ ትንፋሽ አጥሮት መልስ መስጠት ያቅተዋል፤ ልጁ ግን ገና ጥያቄ አልጨረሰም። አንዳንዱ አሠልጣኝ እንዲህ ያለ ሳንባ ፍለጋ አገር ያቋርጣል። እዚህ ሳንባው አለ፣ ዳገቱም አለ፣ አስፋልቱም አለ። የቀረው ሰላሙና ብስክሌቱ ነው።