ኤች.አይ.ቪ እና የኢትዮጵያውያን ኩላሊት

ኤች.አይ.ቪ በሁሉም ሰው ሰውነት ውስጥ በአንድ ፍጥነት አይጓዝም። ሕክምና ካላገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ኤድስ ደረጃ የሚደርስ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ቫይረሱን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ተቋቁሞ የሚቆይም አለ፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ዘረመል፣ ማለትም ሰውነት ፕሮቲኖቹን የሚሠራበት ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ፣ ከሰው ሰው የሚለያይ መሆኑ ነው። በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 የተገኘው ለውጥ ሲሆን፣ ይህም ቫይረሱ ወደ ነጭ የደም ሕዋስ ለመግባት የሚጠቀምበትን ሲሲአር-5 የተባለ ፕሮቲን ያጎድላል፤ ነገር ግን በሰሜን አውሮፓ የሚዘወተረው ይህ ለውጥ በአፍሪካ ከሞላ ጎደል የለም። በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን ለሰውነት መከላከያ የሚያሳውቁት ኤች.ኤል.ኤ የተባሉት ዘረመሎች ግን በየአህጉሩ ሚና አላቸው፤ ከእነርሱ ቢ-57 የሚባለውን የወረሱ ሰዎች በአማካይ በሽታው ይዘገይላቸዋል።

ኢትዮጵያውያንን በቅርበት የሚመለከተው ታሪክ ግን የኩላሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የኒው ዮርክና የማያሚ ሐኪሞች፣ የኤድስ ሕሙማንን ኩላሊት በወራት ውስጥ ከሥራ ውጭ የሚያደርግ በሽታ መኖሩን ገለጹ፤ ሕሙማኑ በአብዛኛው ጥቁሮች ስለነበሩም በሽታው የአፍሪካዊ ዘር ዕጣ ተደርጎ ተቆጠረ። በሐይፋው ራምባም ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ካርል ስኮሬኪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን አመለካከት የሚያናጋ ነበር፤ ቫይረሱ በደማቸው በሚገኝ ኢትዮጵያውያን ላይ ይህ የኩላሊት በሽታ አልተገኘምና።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ኤም.ዋይ.ኤች-9 የተባለ ዘረመል ለጥቁሮች የኩላሊት በሽታ ተጠያቂ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ጥፋቱ የጎረቤቱ ዘረመል፣ የአፖል-1፣ መሆኑ ተረጋገጠ። ለዚህ ማስረጃ ከሆኑት አንዱ ከ300 በላይ የኢትዮጵያውያን ናሙናዎች ምርመራ ሲሆን፣ በእነዚህ ናሙናዎች የመጀመሪያው ተጠርጣሪ፣ የኤም.ዋይ.ኤች-9፣ ዓይነት ሲታይ፣ ኩላሊትን ለአደጋ የሚያጋልጡት ሁለት የአፖል-1 ለውጦች ግን ጨርሶ አልተገኙም፤ ስለዚህ ኩላሊቱ ከዚህ በሽታ የተጠበቀ ሕዝብ ሁለቱን ጎረቤታሞች ለመለየት ረዳ ማለት ነው።

አፖል-1 በደም ውስጥ የሚዘዋወርና የቆላ ዝንብ የምታስተላልፋቸውን ጥገኛ ተሕዋስያን የሚገድል ፕሮቲን ያስገኛል። አንዳንዶቹ ተሕዋስያን ይህን ጥቃት ማምለጥ ቢችሉም፣ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉት ሁለቱ ለውጦች ተሕዋስያኑ ከሚያመጡት የእንቅልፍ በሽታ የመከላከል አቅምን ያጠናክራሉ። አንድ ቅጂ የወረሰ ጥቅሙን ሲያገኝ፣ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ግን ኩላሊቱ ለአደጋ ይጋለጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎች ከኤች.አይ.ቪ ጋር ለሚመጣው የኩላሊት በሽታ ያላቸውን ተጋላጭነት ወደ 29 እጥፍ ገምቶታል።

ይህ ሁሉ «አፍሪካዊ» ወይም «ጥቁር» የሚለው መጠሪያ ለሐኪም ምን ያህል ደካማ መመሪያ እንደሆነ ያሳያል። ከዳርፉር፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ ሱዳን የተፈናቀሉ ሰዎች ለዓመታት በተጎራበቱባት የካርቱሟ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ከእነርሱ ጋር ተሰልፎ ለሚታከም ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የቆዳ ቀለም ስለ ኩላሊቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው የዘር ሐረጉ ነው።

የዘር ሐረግ ግን ሁሉን አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ሲከታተል፣ ሲዲ-4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር በጤናማ ኢትዮጵያውያን ከደቾች ያነሰ መሆኑን አስተዋለ፤ ተመራማሪዎቹ መንስኤውን የፈለጉት ከዘረመል ይልቅ ሰውነትን ከልጅነት ጀምሮ በሚያታግሉት ተሕዋስያንና በአካባቢ ሁኔታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤትም በቫይረሱ ከመያዛቸው በፊት ሲዲ-4 ያነሰባቸው ሠራተኞች በሽታው እንዳልፈጠነባቸው አመለከተ።

የአፖል-1 ለውጦች አለመኖር ከአንድ የኩላሊት በሽታ እንጂ ከቫይረሱ አያድንም። የደም ግፊትና ስኳር የኢትዮጵያውያንንም ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ለኤች.አይ.ቪ በስፋት የሚሰጠው ቴኖፎቪርም አልፎ አልፎ ኩላሊት ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ የመድኃኒቱ ተጠቃሚ ከየትም ይምጣ የኩላሊት ምርመራው አይቀርለትም።